ወንበር ዘርጊው

ባገሬ ቋንቋ ላይ፣ “ወንበር ዘረጋ” ሲሉ፣
ሊቅ ወጣ ማለት ነው፣ ተማሩ ነው ቃሉ።
እኔም ዘረጋሁኝ፣ ዛሬ ከጧት ጀምሬ፣
ሁለት መቶ አርባ፣ ሃያ ሃያ ደርድሬ፤
ግራጫ፣ የሚታጠፍ፣ እግሩ ከብረት የተሠራ፣
አንዳንዱ ጎማው ወልቆ፣ ሲቀመጡት የሚያጓራ።

መሪጌታው አባቴ፣ “ልጄ፣ እዚያ ምን ትሠራለህ?” ቢለኝ፣
“ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ወንበር እዘረጋለሁ” አልኩት፤ መረቀኝ።
አልዋሸሁም። ሰሙን ሰጠሁት፤ ወርቁን ራሱ ጨመረበት፤
ጠላ ተጠመቀ አሉ፣ በኔ ማዕረግ ምክንያት።

ዋገኒንገን ላይ ነው። ራይን ከጀርባ ያዘግማል፣
ሰዉ በብስክሌት ሲሄድ፣ ነፋስ ከፊት ይገጥማል፤
ኅዳር ነው፤ ከአሥራ አንድ ሰዓት ወዲያ ፀሐይ የምትባል የለችም፣
መስቀያው እርጥብ ካፖርት ጠግቧል፤ ከእንግዲህ አንድ አይጨምርም።

ዲኑ መነጽሩን ሰክቶ፣ የዓመቱን ፍሬ ሊያነብ ቆመ፤
ማን ምን እንደፈለሰፈ፣ ማን በምን እንደተሸለመ።
እኔ ከበሩ ጥግ ነኝ፣ ማይክራፎን ሲያፏጭ የምጠራ፤
ጆሮዬ ግን ሥራ አይፈታም፣ ከስሙ ኋላ ያለውን ሲያጣራ።

“ፕሮፌሰር ዮከ ቴርፕስትራ፤ የስንዴ ዋግን ድል የነሣች!”
ጭብጨባው ጣሪያ ነካ፤ ሜዳልያዋን አፍራ ያዘች።
እኔ የማውቃት ግን፣ ምሳዋን ቆማ ስትበላ ነው፣
ዳቦ ባንድ እጅ፣ ወረቀት በሌላው፤
ፍርፋሪው የት እንደሚወድቅ፣ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሁለተኛ ዓመት ልጆች፣ ከአተር ልጣጭ ጫማ ሠርተው ሚላኖ ድረስ ዘለቁ፤
ዋንጫ ይዘው ሲመለሱ፣ ዝናብ ጫማውን በላውና፣ በካልሲ ቆመው ሳቁ።

“አን... አንጉዋ...” ብሎ ዲኑ፣ የቀረውን ሲውጥ፣
አንጓች ይርዳው ተነሣች፣ ስሟን ከነስብራቱ ለመጨበጥ።
“በከፍተኛ ማዕረግ” አለ፤ እሱን ዲኑ አነበበ፤
እኔ ዘንድ ሌላ ዶሴ አለ፣ ለማንም ያልተነበበ፦
የካቲት፣ እኩለ ሌሊት፣ ማሞቂያው ጠፍቶ፣ ሦስት መቶ ቡቃያ ሞቶባት፣
ደረጃው ሥር ስታለቅስ፣ መጥረጊያዬን ይዤ ደረስኩባት፤
“አይዞሽ” ለማለት አፌ ቢያያዝ፣ መብራቱን ብቻ አጠፋሁላት።

ከዚያ ዲኑ ጉሮሮውን ጠረገ። “ሠላሳ አንድ ዓመት” አለ፣
“የመስተዋት ቤታችን ሞግዚት፣ ዊልማ ኦስተርቬልድ!” አዳራሹ በጭብጨባ ተቀበለ።
ግን አንዲት ወንበር ባዶ ናት። ሦስተኛው ረድፍ፣ ከዳር፤
ስሟን የጻፍኩት ራሴ ነኝ፣ በሰማያዊ ማርከር።
ጭብጨባው ተነሣ፣ ፈለጋት፣ አጣት፣ ተመልሶ ተቀመጠ፤
አበባው ዲኑ እጅ ላይ፣ እንደ ጠፋ ልጅ ፈጠጠ።

የት እንዳለች አውቃለሁ።
አበባውን ተቀበልኩና በዝናቡ መሃል አቋረጥኩ፤
ኮቴን ለአበባው አልብሼ፣ እኔ በሸሚዝ በሰበስኩ።

የመስተዋት ቤቷ በጨለማው፣ እንደ ፋኖስ ታበራለች፤
ዊልማ በቦት ጫማዋ፣ ማሞቂያውን ታዳምጣለች፣
ጆሮዋን ቧንቧው ላይ አስደግፋ፣ የታማሚ ደረት እንደሚሰማ ሐኪም።
“ስምሽን ጠሩ” አልኳት።
“ይጥሩ፤ የዚህ ነገር ድምፁ ግን አላማረኝም፤
ዛሬም ሌሊት ከጠፋ፣ የዚያች ልጅ ስንዴ አይተርፍም።”

አበባውን ሰጠኋት። ግንዱን አይታ፣ “ክፉኛ ነው የቆረጡት” አለች፤
ከኪሷ መቀስ አውጥታ፣ አስተካክላ ባልዲ ውስጥ ነከረች።

ሌላ ባልዲ ገለበጠችና፣ “ተቀመጥ” አለችኝ። ተቀመጥኩ።
ወንበር ዘረጋች ማለት ነው። ጆሮዬን ቧንቧው ላይ አስደገፍኩ።

ማዶ ሁለት መቶ አርባው፣ እስካጥፈው ይጠብቀኛል፤
ይቆይ።