ሥራ ላይ ነው

የአባባ ላቀው ውርስ በጫማ ካርቶን መጣ፤
ሦስት አልበም፣ ወረንጦ፣ እጀታው የወጣ
አጉሊ መነጽር።
ወንድሜ አቤኔዘር ከተንደር ቤይ ደውሎ
«ስንት ያወጣል?» አለ፤ «ላዋቂ አሳይተሽ ሽጪው እንጂ ቶሎ።»

አሳየሁ።
ፖርቴጅ ጎዳና ላይ፣ ከጥርስ ሐኪሙ በላይ፣
ክሊምቹክ የሚባል ሽማግሌ ቴምብር ነጋዴ
ገጽ ገለጠ፣ ገጽ ገለጠ፣ ሳል አደረገ አንዴ፤
«አርባ ዶላር» አለኝ፤
«ለዚያውም ለአልበሙ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

አርባ ዶላር!
ሠላሳ ዓመት ሌሊት የሰው ቢሮ ሲጠርግ፣
ከየቅርጫቱ ሥር የተጣለ ፖስታ ጎንበስ ብሎ ሲፈልግ፣
የእህል ነጋዴውን፣ የኢንሹራንሱን፣ የጠበቃ፣
ጥጉን በመቀስ ቆርጦ፣
ሲነጋ በካፖርት ኪስ ያመጣልን ዕቃ።

ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ሳህን ለብ ያለ ውኃ ሞልቶ፣
«ዝም በይ፤ ይተኛ» ይለኛል፣ ቁራጮቹን ከቶ።
«አትሳቢው። ራሱ ሲፈልግ ይለቃል።
የጎተቱት ቴምብር ጥርሱ ይወልቃል።»
እኔ ሰባት ዓመቴ፣ አገጬ ጠረጴዛው ላይ፣
ንግሥቲቱ ከወረቀቷ ተላቃ
ቀስ ብላ፣ በጀርባዋ ስትንሳፈፍ ሳይ
የሞተች ይመስለኝ ነበር።
በመዝገበ ቃላቱ መሐል ሦስት ቀን ተጭና
ትነሣለች፣ ቀጥ ብላ፣ ደርቃ፣ ደህና።

ከዚያ አሥራ ሦስት ሞላኝ፤
ቴምብር መልቀም የሽማግሌ ሥራ መሰለኝ።
ያኔ ነው የሰረቅኩት፤
ማኅተም ያልነካው፣ ሙጫው ያልተላሰ፣
የውኃ ወፍ ያለበት፣ አንገቱ የተቀለሰ፣
ባለ አሥራ ሰባት ሳንቲም።
ካምፕ ላየሁት ልጅ ነበር፤ ስሙ እንኳ ዛሬ ጠፋኝ፤
ጀርባውን ልሼ ለጠፍኩ፣ ሳጥን ውስጥ ጣልኩ፣ ማንም አላየኝ።
መልስ አልመጣም።
አባባም አልጠየቀኝ።

ሠላሳ አንድ ዓመት። ሁለት ልጅ። አንድ ፍቺ።
ዊኒፔግ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሁለት፤ መኪናዬ ባትሪው ሞቶ ውጪ።
ካርቶኑን የከፈትኩት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ነው።
ሁለተኛው አልበም፣ ገጽ አሥራ ዘጠኝ፣ አንድ ባዶ ቤት አለው።
ወፎቹ በሰልፍ ቆመው፣ ከመሐል አንዱ ጎድሎ፣
ውስጡ በእርሳስ፣ ወደ ግራ በሚያዘምም ፊደሉ፣ ተጽፏል እንዲህ ተብሎ፦

«ትንሿ ወስዳዋለች። ሥራ ላይ ነው።»

«ተሰረቀ» አላለም። «ጠፋ» አላለም።
ጠዋት ለቀን ሥራ እንደወጣ፣ ማታ እንደሚመለስ፣
ቤቱን ክፍት ትቶለት ሞተ፣ በሩን ሳይመልስ።

ሲነጋ ወደ ክሊምቹክ።
«ልሸጥ አይደለም» አልኩት፣ «ልገዛ ነው የመጣሁ።»
ወፉን በሰባ ሳንቲም ሸጠልኝ፤
«ጣት ቅባት አለው» ብሎ ወረንጦ አያያዝ አስተማረኝ፤
የማላውቅ መሰልኩለት።

ቤት ገብቼ ወፉን ወደ ባዶው ቤት አስጠጋሁ፤
እርሳሱን ሊሸፍን ሆነ።
እጄን ሰበሰብኩ። ፈራሁ።

እንግዲያው ሥራ ይግባ ብዬ፣
ለአቤኔዘር ደብዳቤ ጻፍኩ።
የዛሬው የፖስታ ዋጋ የት፣ አሥራ ሰባት ሳንቲም የት!
ወፉን እንዲያግዙት ሌላ ስምንት ለጠፍኩበት፤
ባቡር፣ አበባ፣ መርከብ፣ ሁለት ንግሥት፤
የወንድሜ ስም ከጥግ ተጨንቆ ቆመ፣
ሰው እንደሞላበት አውቶቡስ።
«አርባ ዶላር ነው ዋጋው» አልኩት፤ «አልሸጥም።
ፖስታውን እንዳትጥለው። የወፉን ጥግ ቆርጠህ መልስልኝ።»

በሦስተኛው ሳምንት መልስ መጣ።
ወፉ የለም።
«ፍሪጅ ላይ ነው» ይላል፤
«ልጄ አርሴማ ‹የኔ ነው› ብላ አልለቅ አለች፤
ስታድግ ትመልሳለች።»

ሳቄ መጣ፣ ብቻዬን፣ ወጥ ቤት፣ በእኩለ ሌሊቱ።
የእሱን ፖስታ ጥግ ቆርጬ ሳህን ውስጥ ነከርኩት።
አንድ ሰዓት። ሁለት።
የዛሬ ሙጫ ግትር ነው፤ ውኃ አይፈራም እንደ ጥንቱ።
ጫፉን በጥፍሬ ልስበው አልኩና
ተውኩት።
ውኃው ቀዝቅዟል።
ማንቆርቆሪያውን እንደገና ጣድኩት።