ሰሙን ብቻ

የንብ ቤታችን ፊት፣ ሳንቃው ላይ ተሥሏል፦
ሰይጣን ተቀምጦ የሴት ምላስ ይስላል።
አንድ መንገደኛ ሠዓሊ፣ ለብርጭቆ ቢራ፣
ለቅድመ አያቴ ትቶ የሄደው ሥራ።
እዚህ አልፕስ ግርጌ ሥዕሉ ያስቃል፣
ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፣ ንቡም ጭምር ያውቃል።
ወንድሜ ሲሪል ግን፣ በሃያ ዓመቱ፣
"ምላሱ የኔ ነው" አለን በሌሊቱ።

ከዚያ በኋላማ ቃል ሁሉ ሰም ሆነ፣
ወርቁን ሲፈልግ ልቡ ተበተነ።
ፖስተኛው "ደህና አደርክ?" ብሎ ሰላም ቢለው፣
"'አደርክ' ያለው" ይላል፣ "ሌላ ፍች አለው።"
የደወሉ ምት ስድብ፣ የውሻው ጩኸት ክስ፣
ቀፎ ውስጥ ያለች ንብ ስሙን ስታረክስ
ይሰማል። አይተኛም።
እናቴ መጥረቢያ ስትደብቅ አየሁ፤
ለምን ነው አላልኋት። ሌላውን ደበቅሁ።

መጀመሪያ ክራን ላይ ሃሎፐሪዶል ወጉት።
ድምፆቹ ዝቅ አሉ፤ እርሱንም ዝቅ አደረጉት።
አንገቱ ገተረ፣ ፊቱ ሳንቃ ሆነ፣
ሣቁ ከነጥርሱ ከቤቱ መነነ።
እግሩ ግን አልቆመም፤ ከበር እስከ መስኮት፣
ገላው ጠብቦት ያድራል እንደ ልጅነት ኮት።
እጁ ተንቀጠቀጠ። ንብ መቼ ትታገሣለች፣
የሚርድ ጣት ካየች ፍርሃት ነው ትላለች።
አሥራ ሰባት ቦታ ነደፈችው በአንድ ቀን፤
ያበጠ ፊቱን ይዞ "ክኒኑን ተውኩ" አለን።

ተወው። በአራተኛው ወር፣ ከሳቫ ድልድይ ላይ፣
በካልሲው አገኙት፣ ወንዙን ሲያነብ፣ ሲያይ።

ሐኪሟ፣ ወይዘሮ ኮሽር፣ ሳል የማይለቃት፣
"ክሎዛፒን" አለች። እናቴ ጠየቀቻት፦
"ያድነዋል?"
"አላውቅም። ወሬኞቹን ግን ደጅ ያስቀምጣል፤
አንዳንዴ በሩን ይዘጋል፣ አንዳንዴ ገርበብ ያደርጋል።"
"ጉዳቱስ?" ቆጠረች፤ ጣት አልበቃ አላት፦
እንቅልፍ፣ ውፍረት፣ ምራቅ፣ ስኳር፣ የሆድ ድርቀት፣
ደግሞ ነጩን የደም ሴል ሊያመናምን ይችላል፤
አሥራ ስምንት ሳምንት፣ በየሳምንቱ፣ ደሙ ይታያል፣
ከዚያ በየወሩ።
"እስከ መቼ?" አልኳት።
ሳለች። ደግማ ሳለች። ሌላ መልስ አልነበራት።

እኔ ንብ አውቃለሁ። ጭስ ንብን አይገድልም፣
ከቀፎም አያስወጣም፣ ንግሥቷን አያስከዳም።
እሳት መጣ ብላ ብቻ፣ ክንፏን ሰብሰብ አድርጋ፣
ማሯን ትጠጣለች እስኪከብዳት አልጋ፤
ሆዷ ሲሞላባት መታጠፍ ያቅታል፣
መንደፍ እያማራት መንደፉ ይቀራል።

ሲሪልም እንደዚያ። በሌሊት ተነሥቶ፣
ዳቦ በማርማላታ፣ ቋሊማ፣ አይብ በልቶ፣
በዓመት ሠላሳ ኪሎ። የአባታችን ቀበቶ
ሁለት ቀዳዳ አስበሳን፤ ሦስተኛው ቦታ አጣ።
ትራሱ በምራቅ ርሶ ነው የሚነጋው፤
ስምንት ልብስ ገዛሁለት፣ ገመዱ ላይ የማሰጣው፣
ጎረቤት እንግዳ ማረፊያ የከፈትን መሰለው።

ረቡዕ ረቡዕ ነርሷ የርኔያ ደሙን ስትቀዳ
"ወታደሮችህ" ልትል ጀምራ
ፊቱን አየችና ተወች። አሁን ቁጥር ብቻ፦
"አራት ነጥብ አንድ።" እሱም "አራት ነጥብ አንድ" ይላል፣
እጅጌውን ይመልሳል፣
የአውቶቡስ ትኬቱን ሁለቴ ያያል።

ጸጥታው ሰላም ነው? ጠየቅሁት አንድ ማታ።
"ሰፊ ነው" አለኝ፣ "ያለ ወንበር፣ ያለ ጌታ።
አንዷ ግን፣ በሕፃን ስሜ የምትጠራኝ፣
ክፉ አልነበረችም። እሷን ነው የናፈቀኝ።"
ምን ይባላል? ሰሙን ከማበጠሪያው እየፋቅሁ
ዝም አልኩ።

ደወል ሲደወል ግን አሁንም ይጠይቀኛል፦
"ስንት መታ?" እነግረዋለሁ። "ልክ ነው" ይለኛል።
ትናንት ሐሳብ ገብቶኝ፣ ስምንቱን ዘጠኝ አልኩት።
ረጅም ጊዜ አየኝ። እጄን ሸሸግኩት።
"ስምንት ነው፣ ዳሪንካ" አለኝ። "ረቡዕ አንቺም ነይ፣
እኔ የተለካሁ ያንቺ አይለካም ወይ?"
ሣቀ። ጥርሱ ታየ፣ አንዱ የጎደለው።
ከዚያ ክኒኑን ዋጠ፣ ግማሽ ውኃው በአገጩ ፈሰሰ፣
ሳይጠርገው ተኛ።