ናሙና ቁጥር 214

ስዊፍት ከረንት፣ ሳስካችዋን፤ የነሐሴ መባቻ ጧት፤
ከእህል ጎተራው ጀርባ፣ ባቡር በማይቆምበት፣
ጠጠር በተደፋበት፣ ጨው መሬቱን ባነጣበት
ተንበረከክሁ። ጉልበቴን ጠጠሩ ወጋኝ።
ኢርማ ኒውፌልድ ከበላዬ ቆማ
"የምታየውን ጻፍ፤ አታድንቅ" አለችኝ።

ስለዚህ እጽፋለሁ።

ስም፦ የአገሬው ሰው ሙጫ አረም ይላታል።
ቁመት፦ ሃምሳ አራት ሳንቲሜትር፣
ሥሯን ሳይጨምር።
ሥሯ አንድ ነው፤ እንደ ችንካር ቀጥ ብሎ የወረደ፤
መቆፈሪያዬ ደክሞት ቆመ፣ እሱ ግን ሄደ።
"በግድ ተቆረጠ" ብዬ መዘገብሁ፤
የቀረውን ርዝመት ከየት ላምጣ? ባዶ ተውሁ።

አገዳዋ ቀላ ያለ፣ ልሙጥ፣ ፀጉር የሌለው፣
ከወገቡ በላይ እንደ መንሽ ጣቱ የበዛው።
ቅጠሎቿ በየተራ፣ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ፣
ዘንግ የላቸውም ማንጠልጠያ፤
ከግርጌያቸው አገዳውን አቅፈው ይዘውታል፣
ጠርዛቸው የዶለዶመ መጋዝ ይመስላል።
አንዱን ቀጥፌ ወደ ፀሐይ ባነሣው
ነጠብጣብ ሞልቶ አየሁት፤ ቁም ጸሐፊ
ከማስመሩ በፊት በወስፌ የወጋጋው ብራና።
ይህን ሰረዝሁት፤ ማድነቅ ነውና።

አበባዋ ቢጫ ነው።
"ምን ዓይነት ቢጫ?" አለች ኢርማ።
አደይ እንዳልል፣ አደይ ጋራ ሙሉ ትወጣለች፣
ይቺ በአስፋልት ጠርዝ፣ በጭነት መኪና አቧራ ቆማለች።
የኑግ የአክስት ልጅ ናት፣ የሱፍም የሩቅ ዘመድ፤
ውርስ ሲከፈል ግን ዘይቱ ለእነሱ ደረሰ፣
ለእሷ ሙጫው ቀረላት።
"የእንቁላል አስኳል፣ ጭራ የምታድር ዶሮ እንቁላል" አልኋት።
ጥቂት አሰበችና፣ "ይሁን" አለች።

አንዲት አበባ ትመስላለች እንጂ መንደር ናት፤
ዳር ዳሩን ሠላሳ አንድ ምላስ አላት፣
እያንዳንዱ ምላስ ለራሱ አበባ፣ ሁሉም ሴት።
መሐሉን የያዙት ጠባብ ቱቦዎች ወንድም ሴትም ናቸው፤
ከዳር ወደ ውስጥ በተራ ይፈካሉ፣ ግፊያ የለባቸው።
ከሥራቸው አረንጓዴ ቅርፊት በስድስት ረድፍ ተነባብሮ፣
ጫፍ ጫፉ እንደ መንጠቆ ወደ ኋላ ዞሮ።
ያልፈካው እምቡጥ ነጭ ሙጫ ሞልቶታል፣
ሊገነፍል እንደ ደረሰ ወተት ከንፈሩ ላይ ቆሟል።
ዘሯ ክንፍ የለውም። አናቱ ላይ ሁለት ሦስት ጭራ ነበረው፣
እሱም ቀድሞ ይረግፋል፤
እንዴት እንደምትጓዝ አላውቅም። በጎማ ይሆናል። በጫማ።

ሽታ፦ የተሰበረ ጥድ። እጄን ሁለቴ በሳሙና ታጠብሁ፣
እርሳሱ ዛሬም ከጣቴ አልላቀቅ ይላል።
ከብት አይነካትም። ንብ ግን አትቀርም።
አንዲት ጉንዳን በእምቡጡ ላይ ስትሻገር አየሁ፤
በአምስት እግር ወረደች። ስድስተኛውን መዘገብሁ።

ማታውን በአሮጌ ጋዜጣ መሐል አጋደምኋት፣
በቀበቶ አጥብቄ ስድስት ቀን ተውኋት።
ስፈታው ሙጫዋ ወረቀቱን አልለቅም አለ፤
ከቅጠሏ ጎን የጨረታ ማስታወቂያ ይነበባል፦

የፒተር ዊብ እርሻ። ቅዳሜ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት።
ትራክተር ሁለት። የዘር መዝሪያ። የወተት ጋን ዐሥራ አንድ።
የዶሮ ቤት፣ ገዢው በራሱ ጭኖ የሚወስደው።
ምሳ የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ይሸጣሉ።

ኢርማ መነፅሯን አወለቀች፣ መልሳ አጠለቀች።
"የዶሮ ቤቱን የገዛው አባቴ ነው" አለች።
"ሲጭኑት ውስጡ አንዲት ዶሮ ተረስታ ኖሯል፤
ቤት ደርሰን በሩን ስንከፍት
እንቁላሏ ላይ ተቀምጣ፣ ቀና ብላ አየችን።"

ምላጩን አነሣሁ። "ላላቅቀው?"
"ተው" አለች። "ከነወረቀቱ ስፋው።"

በመለያው ላይ፣ ከቦታው፣ ከቀኑ፣ ከስሟ ቀጥሎ
በትናንሽ ፊደል፦
ጋዜጣው የተክሉ አካል አይደለም።
አልላቀቅ ብሏል።