ሁለት ማኅተም

ከፖስታ ቤት ጀርባ፣ ከጎላ መውረጃው፣
ፎቁ አሮጌ ነው፣ ተቦርቡሯል ደረጃው፤
ግድግዳው ድንጋይ ነው፣ ክንድ ከስንዝር ውፍረቱ፣
ጣሊያን ይሁን አርመን አይታወቅ አባቱ።

ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ ጣራ ይቀጠቅጣል፣
ከቦርሳዬ ሥር ውኃ ጠብ ጠብ ይላል፤
«ና ግባ» አሉኝ እትዬ ዘርፈሽዋል፣
«ይኸው ሦስተኛ ቀኑ፣ ስልኬ አኩርፏል።»

ሦስት ነጫጭ ሣጥን፣ እንቁላል መስለው፣
አንዱ ሳሎን፣ አንዱ ኮሪደር፣ አንዱ ጓዳ ተሰቅለው፣
ያንዱን አንዱ ተቀብሎ ያሻግራል በተራ፣
የዕድር ድስት ይመስል፣ ከቤት ቤት የሚዞር ሠርግ ሲጠራ።

ስልኩ ላይ ተጽፏል፦ «ተገናኝቷል»፤
ከሥሩ፣ ባነስ ፊደል፦ «ኢንተርኔት የለም»።
ይዟል ማለት ነው። ግን አይናገርም።
«እንዲህ ያለ ባል ነበረኝ» አሉ፤ «ለኔ አዲስ አይደለም።»

ዋናውን ነቀልኩት፣ እስከ ሠላሳ ቆጥሬ መለስኩት፤
የጓዳውን ከፍሪጁ ጀርባ አውጥቼ፣ ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት፤
«እርሳ» የሚለውን ተጫንኩት፣
ረሳ። የይለፍ ቃሉን ነግሬ እንደገና አስታወስኩት።
አምስት ጊጋውን ዘግቼ፣ በሁለት ነጥብ አራት ሞከርኩት፤
መብራት ሄደ። ጠበቅን። መጣ። ካንድ ጀመርኩት።

የኔ ስልክ ይሠራል።
ለሙከራ የተጠራው፣ የጎረቤት ልጅ የናሁሰናይም ይሠራል።
የሳቸው ብቻ ክብ ይሠራል፣
ክብ ይሠራል፣
ክብ ይሠራል።

ያልገባኝ ቀን ዕቃውን መውቀስ ልማዴ ነው፤
«ግንቡ ነው፣ እትዬ፣ ሞገዱን የዋጠው…»
ብዬ ሳልጨርስ፣ ከባትሪው ጎን ያለው
ቁጥር ዓይኔን ያዘው፦
ሦስት ሰዓት ከሃያ። ኖቬምበር ስምንት።
ሁለት ሺህ ዐሥራ ሰባት።

«ይሄን ማን ነካው?»
«እኔ ነኛ! በጠዋት ዘጠኝ ሰዓት ነው ይለኛል፤
ሐምሌን ሰባተኛ ወር ያደርግብኛል፤
ስምንት ዓመት ጨምሮ ሲቆልልብኝ በዕድሜ፣
አስተካከልኩት። ፖስታ ቤት፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ማኅተም የመታሁ ቆሜ፣
ቀን ስቼ አላውቅም።»

እንዴት ልንገራቸው?
ከማዶ የሚመጣው ሁሉ ምስክር ወረቀት ያሳያል፣
ስልኩ ተቀብሎ የተሰጠበትን ቀን ያያል፣
«ይሄ ወረቀት ገና አልተጻፈም» ይላል።
ያልተወለደ ሰው፣ መታወቂያ ይዞ ቢያንኳኳ፣ ማን ይከፍትለታል?
ድንጋዩን ያለ ኃጢአቱ አማሁት።
በሩን የዘጋው ዓመት ነበር።

እትዬ መነጽራቸውን በሻርፓቸው ጫፍ ጠረጉ።
በመስኮቱ ወደ ፖስታ ቤቱ ግንብ አዩ። ቆዩ።
«አሃ! የውጭ ደብዳቤ ነዋ ይሄ!
እኛ እኮ ሁለት ማኅተም ነበረን፤
ላገር ውስጡ ባገራችን ቀን፣ ለውጪው በውጪው ቀን።

አንዴ… ስቼ አላውቅም አልኩህ አይደል? አንዴ ተምታታብኝ።
አንድ የግሪክ ነጋዴ ለእጮኛው የጻፈው፣
ስምንት ዓመት ያረጀ መስሎ ደረሳት፤
ምን እንዳሰበች እንጃ፤ መልስ አልጻፈችም።
ሰውየው በየሳምንቱ መስኮቴ ጋ ይቆማል፦ ‹ደብዳቤ መጣልኝ?›
እላለሁ፦ ‹የለም›።
መስመሩ እኮ ደኅና ነበር።
የለም፣ እላለሁ። የለም።»

ከታች፣ ቸርችል ላይ፣ ታክሲ ጥሩምባ ነፋ።

«በል፤ የውጪውን ማኅተም ምታበት።»
«በራሱ ይሙላ» የሚለውን ከፈትኩት፤
ሦስቱ ዘጠኝ ሆነ፤ ሦስት ቀን የታፈነ መልእክት
እንደ ሐምሌ ጎርፍ ወረደበት።
ስልኩን ይዘው ጓዳ ገቡ፤ ከዚያው ሆነው ጮኹ፦
«እዚህም ይናገራል!»
ቀጥለውም፦ «የግድግዳ ሰዓቴን ግን እንዳትነካ!»

ደረሰኝ ልቆርጥ ወረቀት ዘረጋሁ፣
ስሙን ጻፍኩ፣ ሒሳቡን ጻፍኩ፣ ቀኑ ላይ ስደርስ ቆምኩ።
«በየትኛው ልምታው?»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ፣
የራሰ ጫማዬን፣ የጭቃ ሱሪዬን፤
«አንተ ያገር ውስጥ ነህ» አሉኝ።