አንድ ሜትር

ሕጉ አጭር ነው፤ ሦስት መስመር አይሞላም።
«ከአንድ ሜትር ውስጥ ተጠግቶ ከጠበቀው፣
ኳስ ይዞ የቆመ አምስት ሰከንድ አለው፤
ያንጥር፣ ያቀብል፣ ወይ ይሞክር» ነው የሚለው።
ሜትሩ ከየት ይለካ? ከጫማ ጫፍ? ከደረት?
እጁን ያወረደ ጠባቂ፣ ጠባቂ ነው ወይስ ጎረቤት?
ይህን አልጻፉትም። ለዳኛ ዓይን ነው የተውት።

አርጋው ትንፋሽ ለትንፋሽ ካልደረሱ አይቆጥርም፤
ፌቨን ጥላ ጥላን ከነካ፣ ከዚያ በኋላ አትምርም።
እኔ ግን ሜትር አውቃለሁ፤ እንጀራዬ ነው ሜትር፤
ከሰኞ እስከ ዓርብ ስለካ የምውል የሰው ድንበር።

ቅዳሜ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ኋላ፣
መረብ የሌለው ቀለበት፤ በረንዳው ሙሉ አንሶላ፤
ሲኖትራክ ባለፈ ቁጥር አቧራ የሚጠጣ ሜዳ።
አርባ አንድ ለአርባ አንድ። የቀረው ግማሽ ደቂቃ።
ኳሱ ፊራኦል እጅ ነው፤
ናሆም ፊቱ ተተክሏል፣ ሁለት እጁ የበር መቀርቀሪያ።

አንድ፣ አለ ክንዴ።
ፊራኦል ማንጠሩን ጨርሷል፤ ኳሱን አቅፎ ይዞታል፤
ጓዶቹን በዓይኑ ፈለገ፤ ሁሉም በሰው ተይዟል።

ሁለት።
የቆመባትን አውቃታለሁ፤ ከመስመሩ ጥግ፣ እዚያች ላይ፣
ዘጠኝ ዓመት ሆነው፣ ችካል ተክያለሁ፣ ጫፉ ቀይ።
ጤፉ ገና አልታጨደም።
የሜትሩን ዜሮ ጫፍ የያዘልኝ ይኸው ልጅ ነበር፤
ሰባት ዓመቱ፣ እየሳቀ፣ ጨዋታ መስሎት ድንበር።

ሦስት።
«እስኪታጨድ ብቻ» አለኝ አባቱ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።
መዝገቤ ላይ አቀረቀርኩ፣ ያልሰማ ሰው መስዬ፤
የእሱን ሰከንድ አልቆጠርንም፣ እኔም ሆንኩ አለቃዬ።

አራት።
ናሆም ግማሽ እርምጃ ሸሸ። ወይም የሸሸ መሰለኝ፤
ክርኑ ትንሽ ታጠፈ፤ ፀሐዩም ፊት ለፊት መታኝ።

ክንዴ ቆመ።

«ቁጠር እንጂ! ዳኛ!» አሉ ከመስመሩ ውጭ ያሉት።
ፊራኦል ዘሎ ወረወረ።
ኳሱ ብረቱን ዞረው፣ ዞረው፣ ወጣ።
በጭማሪው ሰዓት ተሸነፉ፤ በሦስት ነጥብ።

ማታ ታክሲ ስንጠብቅ ፌቨን ተጠግታ፣
«እውነቱን ንገረኝ፣ በመካከላቸው ስንት ነበር?» አለችኝ።
«አንድ ሜትር ከሩብ» አልኳት።
ሙያዬ ነውና አመነችኝ።