ለመውደቅ የሚከፈለኝ

ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ከቀትር በኋላ፣
ሥራዬ መውደቅ ነው፤ የለኝም ሌላ።
ቶሮንቶ መሃል ላይ፣ ከአንድ ሕንፃ ሥር፣
ብርድ የታሰረበት ክፍል አለ፣ ባለ ብረት በር።
ሐምሌም ይሁን ጥር
ወለሉ በረዶ ነው፤ መስታወት የሚያስንቅ፣
ዝንብ እንኳ ብታርፍበት ተንሸራታ የምትወድቅ።

ወገቤን በቀበቶ፣ ትከሻዬን በጠፍር
አስረው፣ እንደ ቅል ከጣሪያ ያንጠለጥሉኛል፤
ስወድቅ መሬት አልነካም፣ ገመዱ ይይዘኛል።

ሻርሚላ ትመጣለች፣ የልጅ ልጄ አቻ፣
እስክሪብቶ ጆሮዋ ላይ፣ ዓይኗ ጫማዬ ላይ ብቻ።
«ዝግጁ ነህ?» ትለኛለች።
እንግሊዝኛ አንቱ የለውም፤
በድምፅዋ ውስጥ ግን አለ።
ቁልፍ ትጫናለች፣ ወለሉ ያዘነብላል።
አንድ ዲግሪ።
ሁለት።
ሦስት። ቆሜአለሁ።
አራት፣
እግሬ ከዳኝ።

«የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» ይሉ ነበር አባቶች፤
በእኔ ላይ የበዙት ግን ካሜራዎች፦
አንዱ ቁርጭምጭሚቴን፣ አንዱ ጉልበቴን፣
አንዱ ከላይ ሆኖ ራሰ በራነቴን።
«ግሩም!» ትላለች ልጅቱ። ትጽፋለች።
በሰባ አራት ዓመቴ፣ ስወድቅ የተመሰገንኩት ገና አሁን ነው።

ሠላሳ ዓመት ግድግዳ ለስኛለሁ በዚህ ከተማ፣
ያለ ውኃ ልክ በዓይኔ የማውቅ፣ ቤት ሲያዘነብል የምሰማ፤
አሁን ወለሉን ሆን ብለው ያጣምሙብኛል፣
እኔም ዝም እላለሁ፤ ይከፈለኛል።

የመጀመሪያው ቀን ቅጽ ሰጡኝ።
«ባለፈው ዓመት ወድቀው ያውቃሉ?» ይላል።
«አላውቅም» ብዬ ጻፍኩ።
ኅዳር ላይ መታጠቢያ ቤት፣ ጥር ላይ ደረጃው ጫፍ፤
የጠቆረ ክንዴን በእጅጌ ሸፍኜ
«በር መታኝ» አልኳቸው ልጆቼን።
አንዴ መውደቅህን ከሰሙ
መጀመሪያ የመኪናውን ቁልፍ፣ ቀጥሎ ደረጃውን፣
ቀጥሎ ቤቱን ነው የሚቀሙህ፤
ደግሞ በፍቅር ነው፤ እንዳትቆጣ እንኳ።

ስለ ትርንጎ አልጻፍኩም፤ ቅጹም አልጠየቀኝ።
አምና የካቲት፣ ከአውቶቡስ ስትወርድ፣
ዳሌዋ ተሰበረ። ብረት ገባላት።
ብረቱ ያዘ። ያልያዘው ሌላው ነው፦
ከዚያ ወዲህ ደጅ አልወጣችም፣
በመስኮት በረዶውን እንደ ደመኛ ታየዋለች።

ሰባተኛው ጫማ ሶሉ ሻካራ ነው፣ እንደ ድመት ምላስ።
ዘጠኝ። አሥር። አሥራ አንድ።
ቆሜአለሁ።
ሻርሚላ አጨበጨበች።
«አይሆንም» አልኳት።
«ምኑ?»
«ማሰሪያው! ወገቤ አይታጠፍ፣ ጣቴ አይታዘዝ፤
ከድጡ ወደ ማጡ ነው፤ በረዶው ሳይጥለኝ
ላስር ጎንበስ ስል፣ ገና ቤቴ ውስጥ እወድቃለሁ።
መልኩስ? ሆስፒታል ሆስፒታል ይላል።
ትርንጎ ዘናጭ ናት፤ ብትሞት አታደርገውም።»

እስክሪብቶውን ከጆሮዋ አወረደች።
«ትርንጎ ማናት?» አለች።
ያን ጊዜ ነገርኳት።
ያንን የቅጹን ውሸት ጭምር፣
እዚያው እንደ ተንጠለጠልኩ።

መጋቢት ላይ ጫማው ተመለሰ።
ተረከዙ እንደ በር ይከፈታል፣
እግር ሲገባ ራሱ ይዘጋል።
ቀለሙ የወይን ጠጅ፣
ቁጥሩ ሠላሳ ስምንት፤ የእኔ አይደለም።

በሩ ሥር አኖርኩት። ምንም አላልኩ።
እሷም ምንም አላለች፤
አምስት ቀን ሙሉ በጎን አየችው፣
ያልተጠራ እንግዳ እንደሚታይ።

ትናንት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቃሁ፤
በእሷ በኩል አልጋው ቀዝቅዟል።
ከማድ ቤት ድምፅ ይመጣል፤
ጭር… ጭር…
ሶል ከሴራሚክ ጋር ሲነጋገር።
እስከ ፍሪጁ አምስት እርምጃ።
ይቆማል።
አምስት ተመልሶ።
ደግሞ ስድስት።
ልነሣ አልኩና ተውኩት፤
ገመድ ሳይኖራት የምትለማመድ ሰው
ካሜራ አትፈልግም።
ቀስ ብላ ስትመለስ፣ ብርድ ልብሱን ስትስብ፣
በደንብ አድርጌ አንኮራፋሁ።