ሁለቱ ጠርሙሶች

ከሌሊቱ ሰባት፤ ሳልሚያ ተኝታለች፣
ማጠቢያዋ ብቻ ታጉረመርማለች።
ሰባተኛ ፎቅ ላይ፣ ዕቃ ቤቱን ዘግቼ፣
ስልኬን ከሳሙናው ካርቶን አስጠግቼ፣
ማዳም እንዳትነቃ የበሩን ሥር ክፍተት በፎጣ ደፍኜ፣
«እህቶቼ» እላለሁ፣ ሹክሹክታ ሆኜ።

ሐርቡ ሳስተምር ሰሌዳ ነበረኝ፣
ጠመኔ ነበረኝ፣
ከኋላ ወንበር ላይ እጁን የማያወርድ፣
«ቲቸር፣ ግን ለምን?» የሚል እንድሪስ ነበረኝ።
እዚህ «ለምን» የለም፤ ያለው አውራ ጣት ነው፣
ከዚያም ወደ ላይ ጠርጎ ማለፍ ነው።

ካባ የደረበ አንድ ሰውዬ አለ፣
«ነጭ ሽንኩርት ስኳርን ነቅሎ ያወጣል» እያለ፣
አራት መቶ ሺህ «አሜን» ሲሰበስብ ዋለ።
«አላውቅም» ሲል ግን አንድ ቀን አልሰማሁ።
እኔ ያንን ቃል በየምሽቱ እላለሁ፤
ሁለት መቶ አሥራ አንድ ሰው ነው ያየኝ በጠቅላላ፣
አንዱም «ሻሽሽ ያምራል» ብሎኝ ሄደ ኋላ።

ጦይባ መከረችኝ፦ «በዘፈን አጅቢው፣
ሦስት ሴኮንድ ነው ያለሽ፣ ቀድመሽ አስደንግጪው፣
‹ሞተች!› ብለሽ ጩኺ፤ ቀስ ብለሽ አስረጂው።»

እኔ ግን አልቻልኩም፤ የምር የሞተች አለችና፣
ፈርዋኒያ የነበረች፣ የሐይቋ መዲና።
ሐማሙ ይበልጥ ነጭ እንዲሆን አስባ፣
በረኪናው ላይ አሲድ አንጠባጥባ፣
በር ዘግታ ፈተገች፣ እንደ ታዘዘችው።
«አረንጓዴ ጢስ አየሁ» ብላለች የደረሰችው።
ጢስ አይደለም እሱ። ክሎሪን ይባላል፣
ከአየር ይከብዳል፣
ወለል ላይ ይተኛል፣
ያጎነበሰን ሰው ቀድሞ ያገኛል።

ተንበርክካ ነበር።

ይህን በየትኛው ዘፈን ነው የማጅበው?

ስለዚህ ዛሬም ሁለት ጠርሙስ ፊቴ ደረደርኩ፣
አንዱን ወደ ግራ፣ አንዱን ወደ ቀኝ አራቅኩ፣
ቀመሩን ዋጥኩና «ጣውንት ናቸው» አልኩ፤
«ለየብቻ ሲሆኑ ቤት ያጸዳሉ፣
አንድ ጣራ ሥር ሲገናኙ ሰው ይገድላሉ።
ወተት አያድንም፤ ሮጣችሁ ውጡ፣
መስኮቱን ሳትከፍቱ ጠርሙስ አትገልብጡ።»

«መስኮት» የምትል ሴት፣ ራሷ በፎጣ ታፍና —
ሳቅ አምልጦኝ ነበር፤ ሳልቆርጠው ለቀቅኩት፣ ይታይ አልኩና።

ሲነጋጋ፣ ከጃህራ፣ ከማላውቀው ቁጥር፣
የሰባት ሴኮንድ ድምፅ መጣ፤ ሳል አለው፣ ሹክሹክታ አለው፣ ንፋስ አለው ዳር ዳር፦
«ቲቸር፣ በሩን ብቻ ብከፍተው አይበቃም? መስኮቱ ለምን?»

ለምን።

ማጠቢያዋን ዘጋሁ።
ጠመኔ የነካው ይመስል ጣቴን በቀሚሴ ጠረግሁና
ከመጀመሪያው ጀመርኩ።